ሦስት ራውተር፣ ሦስት የተሳሳተ አድራሻ፦ የአንድ ጊቢ የሥራ ማስታወሻ

ቦታው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ብዙም የማይርቅ ጊቢ። ፊት ለፊት ጂ+1 የባለቤቶቹ ቤት፣ ከኋላ አራት ክፍል ሰርቪስ፣ በሩ ላይ ሱቅ። ሦስት የዋይፋይ መሣሪያ አለ። አንደኛው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፋይበር ሞደም ነው። ሁለተኛው ከሞደሙ በኬብል ተስቦ ሰርቪሶቹን የሚያገለግል ራውተር ነው። ሦስተኛው ሱቁ ውስጥ ያለ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት የፎርጂ ሳጥን ነው። የተጠየቅነው ቀላል ነገር ነበር፤ ፓስወርዱን ሰፈሩ ሁሉ ስለያዘው ይቀየርልን ነው። ችግሩ ሦስቱም ጋ ማንም ወደ ማስተካከያው ገጽ መግባት አለመቻሉ ነው። ገጹ የሚከፈተው በብራውዘር (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻው ፕሮግራም) ላይ የመሣሪያውን አድራሻ፣ ማለትም አይፒ የሚባለውን ቁጥር፣ በመምታት ነው። ሦስቱም ጋ "አድራሻው ይሄ ነው" ተብሎ የተያዘ ቁጥር አለ፤ ሦስቱም በተለያየ መንገድ ተበላሽቷል።

የተያዘ ዕቃ፦ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ 1፣ አንድሮይድ ስልክ 1፣ አይፎን 1፣ 1.5 ሜትር የኔትወርክ ኬብል 2፣ ካቻቢቴ፣ የማይለቅ ማርከር፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ስኮች።

ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም የተነገረ ነገር፦ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኩ። ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ መመለስ፣ የተሳሳተ አድራሻን አያቃናም። የፋይበር ሞደሙ ላይ ከተደረገ ደግሞ ቴክኒሻኑ ያስገባውን የመስመር ማስተካከያ ሊያጠፋው ይችላል። ያኔ ፓስወርድ ለመቀየር የተጀመረው ሥራ ኢንተርኔት የሌለው ቤት ይዞ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:10፣ ዋናው ቤት

በባለቤትዋ ስልክ ላይ የተመታው 192.186.100.1 ነው። ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ በመጨረሻ "መልስ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወስዷል" የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

ስህተቱ 168 መሆን ያለበት 186 መሆኑ ነው። ቁጥሩ በስልክ ተነግሯቸው ነው የጻፉት። በአማርኛ ይህ ስህተት በጣም ቀላል ነው፤ "ስልሳ ስምንት" እና "ሰማንያ ስድስት" የሚጀምሩበት ድምፅ ያው ነው፣ መስመሩ ትንሽ ከተቆራረጠ ጆሮ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ የአይፒ አድራሻ በስልክ ሲነገር ቁጥሩን ጠቅልሎ መጥራት ይቅር፤ አሃዝ በአሃዝ ይባል። እዚያው ሞከርነው፦

"እትዬ፣ ሞደሙ ላይ ያለውን አንድ አንድ እያሉ ያንብቡልኝ።"

"አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት። ነጥብ። አንድ፣ ስድስት፣ ስምንት። ነጥብ። አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ነጥብ። አንድ።"

ትክክለኛው ይሄ ነው፤ 192.168.100.1። ብዙ የሁዋዌ የፋይበር ሞደሞች ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት አድራሻ ነው። ለማንበብ ግን ሞደሙን ከግድግዳው ማውረድ ነበረብን፤ አድራሻውና የመጀመሪያው የመግቢያ ስም የታተሙበት ወረቀት የተለጠፈው ከጀርባ ነው። ሞደም ሲሰቀል መረጃው ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ይተያያል፣ ሰው አያየውም። ስታወርዱ ቀጭኑን ባለ ነጭ ወይም ጥቁር ልባስ የፋይበር ገመድ አታጥፉት፣ ጫፉንም አትንቀሉት። ሞደሙን በእጅ ይዞ ከጎን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

186 ለምን ዝም ብሎ አሽከረከረ? ለቤት ውስጥ አገልግሎት የተለዩት አድራሻዎች ሦስት ቡድን ናቸው፤ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። ይህ ክፍፍል በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢንተርኔት ሰነድ የተደነገገ ነው። 192.186 ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስልኩ ጥያቄውን ለሞደሙ ሰጠ፣ ሞደሙ "ይሄ የእኔ አይደለም" ብሎ ወደ ውጭ ላከው። በ192 ፈንታ 196 ወይም 198 ሲመታም ያው ነው፤ ጥያቄው ከቤት ወጥቶ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንናገረው ነገር አለ። በተሳሳተ አድራሻ የሆነ የመግቢያ ገጽ ቢከፈትላችሁ የራውተራችሁን ስምና ፓስወርድ አትጻፉበት። የማን መሣሪያ እንደሆነ አታውቁም።

3:45፣ እዚያው

በትክክለኛው አድራሻ ገጹ ተከፈተ። ልጁ በራሱ ስልክ ሲሞክር ግን የጎግል የፍለጋ ውጤት መጣለት። የሰጠነውን ቁጥር አይደለም የመታው። ድሮ ሞደሙ ካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈውን አይቶ ነው፣ እዚያ ላይ ያለችው "1" ቀጥ ያለች መስመር ብቻ ናት። ልጁ የእንግሊዝኛዋ ትንሿ ኤል መስላው እሷን መታ።

ብራውዘር የተጻፈለትን ሲያይ አራት ቁጥር በሦስት ነጥብ ተለያይቶ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ከሆነ አድራሻ ነው ይላል። አንድ ፊደል ከገባበት፣ በነጥብ ፈንታ ኮማ ከሆነ፣ መሀል ላይ ክፍተት ካለ ወይም 256 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው የሚፈልገው ቃል ነው ብሎ ወደ ጎግል ይልከዋል። 255 ላይ የሚቆመው እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ቢት (0 ወይም 1 የሚገባበት ስምንት ቦታ) ብቻ ስላለው ነው፤ በስምንት ቢት የሚጻፈው ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 ቁጥር ነው።

ስለዚህ የሚመጣው ስህተት ራሱ መርማሪ ነው። የጎግል ውጤት ከመጣ አጻጻፉ ተበላሽቷል፤ ፊደል፣ ኮማ፣ ክፍተት፣ ትልቅ ቁጥር ፈልጉ። ረጅም ጊዜ ተሽከርክሮ ካቆመ አጻጻፉ ደህና ነው፣ ቁጥሩ ግን የዚህ ቤት አይደለም። "አድራሻው ላይ መድረስ አልተቻለም" ብሎ ቶሎ ከመለሰ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ትክክል ሆኖ የመጨረሻዋ ቁጥር ስታለች፤ ለምሳሌ 192.168.100.1 ሳይሆን 192.168.100.11። በዚያ ቁጥር ቤት ውስጥ ማንም ስለሌለ የሚመልስ የለም። "ግንኙነቱ ተከልክሏል" ካለ ደግሞ በዚያ ቁጥር አንድ መሣሪያ አለ፣ ምናልባት ቴሌቪዥን ወይም የሌላ ሰው ስልክ ነው፣ የመግቢያ ገጽ ግን የለውም።

4:20፣ ሰርቪስ

እዚህ በሩ ጀርባ ላይ በቢክ የተጻፈው 192.168.11 ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት አንዶች መሀል የነበረችው ነጥብ ጠፍታለች። በስልክ ሲመታ ፍለጋ ነው የሚመጣው። በላፕቶፑ ላይ ግን ከፊቱ ኤችቲቲፒ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ያዘመመ መስመር (http://) ጨምረን ስንመታው ዓይናችን እያየ በአድራሻው ሳጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ ተለወጠ፤ 192.168.0.11 ሆነ።

ይሄ ብልሽት አይደለም። ከአራት በታች ክፍል ያለው አድራሻ ሲሰጠው ብራውዘሩ የመጨረሻውን ቁጥር የቀረውን ቦታ በሙሉ እንዲሞላ ያደርገዋል። 11 ሁለት ቦታ ሲይዝ 0 እና 11 ይሆናል። በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት የዊንዶውስ መስኮት) ፒንግ፣ ማለትም አንድ አድራሻ ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቀውን ትእዛዝ፣ ብላችሁ 192.168.11 ብትጽፉም ዊንዶውስ 192.168.0.11ን ነው የሚጠራው። ሰው የጻፈውን ትቶ የተለወጠውን ቁጥር ሲያይ "ራውተሩ አድራሻውን ቀየረ" ይላል። ራውተሩ ምንም አላደረገም።

ተመሳሳይ ወጥመድ ከፊት በሚጨመር ዜሮ አለ። ቁጥሮቹን እኩል ለማሳመር 192.168.001.001 ብለው የሚጽፉ አሉ። ይሄኛው ይሠራል። ግን 010 ብለው ከጻፉ ብራውዘሩ በዜሮ የጀመረውን በስምንት መሠረት ይቆጥረዋል፣ 010 ማለት 8 ይሆናል፣ 192.168.010.1 ደግሞ 192.168.8.1 ሆኖ ያርፋል። ከፊት ዜሮ አትጨምሩ፤ ማሳመሪያ አይደለም፣ ትርጉም ይቀይራል።

ታዲያ የዚህ ራውተር ትክክለኛ አድራሻ ስንት ነው? ወረቀቱን ጠግኖ "192.168.1.1 ሊሆን ይችላል" ማለት ይቻል ነበር። እኛ ግን በግምት መሥራት አንፈልግም፤ የተገናኘው መሣሪያ ራሱ ያውቀዋል፣ እሱን መጠየቅ ነው።

በዊንዶውስ፦ ኮማንድ ፕሮምፕት ይከፈታል፣ አይፒኮንፊግ ያለ ክፍተት ተጽፎ ኢንተር ይመታል። ብዙ መስመር ይወርዳል። መፈለግ ያለበት ዋይፋዩ ወይም ኬብሉ ስር ያለው "ዲፎልት ጌትዌይ" የሚለው ነው፤ የተገናኛችሁበት ራውተር አድራሻ ማለት ነው። ጌትዌይ ጎኑ ባዶ የሆነ ክፍል ካያችሁ ያልተገናኘ ወይም ለሌላ ፕሮግራም የተሠራ ነው፣ እለፉት። በአንድሮይድ ሴቲንግ፣ ዋይፋይ፣ የተገናኘበት ስም ዝርዝር ውስጥ "ጌትዌይ" ተብሎ አለ። በአይፎን ዋይፋይ ስም ጎን ያለችውን ክብ ምልክት ነክቶ "ራውተር" የሚለውን ማየት ነው። ስልኩ ጌትዌይን ካላሳየ የራሱን አይፒ አይቶ የመጨረሻዋን ቁጥር በ1 መተካት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም፣ በ254 የሚጨርሱ ራውተሮች አሉ።

ወጣ፤ 192.168.1.1። ገባን።

የፋብሪካ አድራሻዎችን ለሚጠይቁን፦ ዜድቲኢ የፋይበር ሞደሞች ብዙዎቹ 192.168.1.1 ናቸው። ቲፒ-ሊንክ እንደ ሞዴሉ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ቴንዳና ዲ-ሊንክ በብዛት 192.168.0.1፣ ሚክሮቲክ 192.168.88.1፣ ሻዎሚ 192.168.31.1። ግን ይህን ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ መሞከር ጊዜ መግደል ነው፤ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ጌትዌዩ ግን አሁን ያለውን ነው የሚናገረው።

5:00፣ እዚያው፣ ያላሰብነው

ከሰርቪሱ ዋይፋይ ላይ ሆነን ለማጣራት 192.168.100.1 መታን። የባለቤቶቹ ሞደም ገጽ ተከፈተ። ከጀርባ ያለው ራውተር ኬብሉን ከዋናው ሞደም ስለሚወስድ የማያውቀውን አድራሻ ሁሉ ወደ ላይ ይልካል፣ 192.168.100.1 ደግሞ ልክ ላይኛው ነው። ስለዚህ ተከራይ አድራሻ ሲሳሳት የራሱ መስሎት የባለቤቶቹን ገጽ ሊያገኝ ይችላል። ገጾቹ ካልተለዩ የተሳሳተውን ራውተር ያስተካክላል።

ከዚህ በኋላ ሦስቱንም ስንነካ አንድ ነገር ልማድ አደረግን፤ ከመግባታችን በፊት መሣሪያው ላይ የታተመውን የሞዴል ስም ገጹ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት። የሁለቱም የመግቢያ ፓስወርድ ከፋብሪካው ተለውጧል፤ እዚህ የምንለው የዋይፋዩን አይደለም፣ የማስተካከያ ገጹን ነው። በባለቤቶቹ ደብተር ብቻ ተጽፏል። ፓስወርድ በስህተት ደጋግሞ መምታት አያስፈልግም፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚዘጉ ሞደሞች አሉ። ሲዘጋ ሰው ተመልሶ አድራሻው ነው የተሳሳተው ብሎ ይለውጠዋል፣ ሁለተኛ ስህተት ይጨምራል።

5:40፣ ሱቅ

የፎርጂ ሳጥኑ ባለቤት "ተበላሽቷል" ብለው ሊሸጡት ነበር። በስልካቸው ላይ የጻፉት 192።168።8።1 ነው። ኪቦርዳቸው አማርኛ ላይ ነው፣ "ነጥብ" ሲባሉ የመቱት አራት ነጥብ ነው። ብራውዘሩ አራት ነጥብን እንደ አድራሻ ነጥብ አይቀበልም፣ ወደ ጎግል ይልከዋል። የሲሙ ጥቅል ደግሞ አልቋል፣ ጎግል አይከፈትም፣ ስልኩ "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ከዚህ ሳጥኑ ሞቷል ብሎ መደምደም ቀላል ነው።

"ጋሼ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት፣ ከዚያ ታችኛዋን አንድ ነጥብ ብቻ ይምቱ።"

ገባ። ኢንተርኔት ባይኖርም የመግቢያ ገጹ ይከፈታል፤ ገጹ ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው እንጂ ውጭ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ጥቅል ማለቁም መስመር መቋረጡም ወደ 192.168.8.1 ከመግባት አያግዱም።

ሱቁ ውስጥ ሌላም ነገር ያዘን። ስልኩ ኢንተርኔት የሌለውን ዋይፋይ ሲያይ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል፣ ጥያቄውም በሲሙ በኩል ይወጣል፣ አይደርስም። ዳታውን አጥፍቶ መሞከር ነው። ቪፒኤን የበራበት ስልክም እንዲሁ፤ 192.168ን ጭምር ወደ ሩቅ ቦታ ሊወስደው ስለሚችል ይጥፋ። ደግሞ ጊቢው ውስጥ ሦስት ዋይፋይ ስለሚደርስ ስልኩ የትኛው ላይ እንደተንጠለጠለ ሳያዩ አድራሻ አይመታም። አንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ቆመን የዋናውን ቤት ዋይፋይ ይዘን 192.168.8.1 ስንጠብቅ ነበር።

እሁድ፣ ከጠዋቱ 4:00፣ የሰርቪሱን አድራሻ መለወጥ

የሰርቪሱን ራውተር ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.20.1 ለመውሰድ ተወሰነ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተከራዮች የራሳቸውን ራውተር ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ በ192.168.1.1 ወይም በ192.168.0.1 ስለሚነሱ ከላይኛው ጋር አንድ ዓይነት ይሆኑና መንገዱ ይደባለቃል። በመውጫውም በመግቢያውም ያው ቁጥር ሲሆን ራውተሩ የትኛውን አቅጣጫ እንደሚመርጥ አያውቅም፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው አድራሻቸውን ይቀይራሉ፣ አንዳንዶቹ ዝም ብለው መስመሩን ያቆማሉ። ሁለተኛ፣ "ሃያ" ለጆሮ ግልጽ ነው፣ ከስልሳም ከሰማንያም አይምታታም።

በገጹ ላይ የላን አድራሻ (ራውተሩ በቤት ውስጥ የሚጠራበት) የሚለውን 192.168.20.1 አድርገን ሴቭ ብለን ጠበቅን። ገጹ ጠፋ፤ የሚጠበቅ ነው፣ የምንነጋገርበት አድራሻ ሄዷል። ስልኮቹ ዋይፋዩን ለቅቀው እንዲመለሱ ተደረገ። ከዚያ ማንም አልገባም። ስልኮቹ "አይፒ አድራሻ በመውሰድ ላይ" ላይ ቆሙ። ላፕቶፑ በኬብል 169.254 የሚል አድራሻ ያዘ።

169.254ን ባያችሁ ቁጥር ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሣሪያው አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቶ ራሱ ለራሱ የሰጠው ነው። ራውተሩ በሕይወት አለ፣ አድራሻ አዳዩ (ለሚገናኙት ስልኮች ቁጥር የሚሰጠው የራውተሩ ክፍል) ግን አይሠራም። ምክንያቱን ከምናስታውሰው ገጽ አገኘነው፤ ለስልኮች የሚታደለው ቁጥር አሁንም 192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ነው። ራውተሩ ራሱ ወደ 20 ሄዷል፣ የሚያድለው ግን እዚያው 1 ላይ ቀርቷል። ብዙ ራውተሮች ይሄን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ይሄኛው አላደረገም።

ሪሴት ሳይደረግ የሚወጣበት መንገድ፦ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ላን ቀዳዳ ጋር አገናኙ። ዋን የሚባለው (ኢንተርኔቱ ከውጭ የሚገባበት) ወይም በቀለም የተለየው አይደለም፤ እዚያ ከሰካችሁ ምንም አታገኙም። በዊንዶውስ የኔትወርክ ኮኔክሽን ዝርዝር ውስጥ የኬብሉን ምልክት በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አይፒ ቨርዥን 4። "ራሱ ይውሰድ" የሚለውን ትታችሁ በእጅ ጻፉ፦ አይፒ 192.168.20.10፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.20.1። ማስኩ ላይ ሦስተኛውን 225 ብሎ መምታት የተለመደ ስህተት ነው፤ ዊንዶውስ አይቀበለውም፣ ግን መልእክቱ ረጅም ስለሆነ ሰው ሳያነብ ይዘጋዋል።

ብራውዘር ላይ 192.168.20.1 ተመታ፣ ገጹ መጣ። የአድራሻ አዳዩ መነሻ 192.168.20.100፣ መጨረሻ 192.168.20.199 ሆነ፣ ሴቭ ተባለ። የአራቱ ክፍል ስልኮች አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ "ራሱ ይውሰድ" መመለስ አይረሳ። የረሳ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የራሱ ዋይፋይ አይሠራለትም፣ ለምን እንደሆነም አይገባውም።

ትምህርቱ ለቀጣዩ ጊዜ እንዲህ ተመዘገበ፦ የላን አድራሻ ከመቀየሩ በፊት የሚታደለው ቁጥር የት እንዳለ ይታይ፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ካሉ አብረው ይቀየሩ። ቁጥሩ ሴቭ ከመደረጉ በፊት በሌላ ሰው ጮክ ተብሎ ይነበብ። በብራውዘር ላይ የተሳሳተ ቁጥር መልሶ ይመታል፤ በላን አድራሻ ሳጥን ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ግን ከሴቭ በኋላ እውነተኛ አድራሻ ይሆናል። 20 ሊል ፈልጎ 200 የመታ ሰው ራውተሩን 192.168.200.1 ላይ ነው የሚያገኘው። አይፈልገው፤ ጌትዌዩን ይይ።

እሁድ፣ ከሰዓት 9:00፣ ካርዱ

ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ካርድ ተሠራ፣ 10 በ6 ሴንቲ ሜትር። አራት ሳጥን ተሰምሮ በየሳጥኑ አንድ ቁጥር ገባ፣ በሳጥኖቹ መሀል ነጥቡ በማርከር ወፍራም ሆኖ ተጻፈ። "1" ከላይ ትንሽ ጅራት ከታች እግር ተሰጣት፤ ኤል እንዳትመስል ነው። ሰባት ካለ ወገቡ ላይ ይሰረዛል። ከቁጥሩ ስር በአማርኛ "በእንግሊዝኛ ኪቦርድ፣ ያለ ክፍተት፣ በአድራሻው ሳጥን ውስጥ" ተብሎ ተጻፈ። የመጨረሻው ክፍል ያስፈለገው ብዙ ሰው ጎግል ገጹ መሀል ላይ ያለው የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ስለሚጽፈው ነው። ከፊት ደብሊው ደብሊው ደብሊው አይጨመርም።

በካርዱ ቀኝ አድራሻውን የያዘ ኪውአር ኮድ ተለጠፈ፤ ካሜራ ሲያየው በቀጥታ ይከፍተዋል፣ ጣት ምንም አይነካም። ኮዱ ውስጥ አድራሻው ብቻ ነው ያለው፣ ፓስወርድ የለም። ካርዱ በስኮች ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ከመሣሪያው ጎን ተለጠፈ፤ ከላዩ ከተለጠፈ ሙቀት መውጫውን ይዘጋል፣ ስኮቹም በሙቀት ይላላል።

አንዱ ሞደም በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው መንገድ) ሲገባበት "ግንኙነቱ የግል አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማንነቱን የሚያረጋግጠውን ሰርተፊኬት ሞደሙ ራሱ ስለፈረመው ነው። በኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ገጽ ይዘጋል፤ ከራሳችሁ ራውተር ጋር ግን አድራሻው ካርዱ ላይ ያለው ከሆነ መቀጠል ይቻላል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:30፣ ማጣሪያ

በሳምንቱ መሀል መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጥቷል። ሦስቱም አድራሻዎች አልተነቃነቁም፤ የላን አድራሻ ራውተሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። ሰርቪሱ ላይ ግን አንድ ነገር ታየ፤ መብራት ሲመለስ ሰርቪሱ ራውተር ቶሎ ይነሳል፣ ዋናው ሞደም ፋይበሩን እስኪይዝ ደቂቃዎች ይቆያል። በዚያ መሀል ተከራዮቹ 192.168.20.1ን ቢከፍቱ ይከፈታል፣ "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ይሄ የአድራሻ ችግር አይደለም፣ መጠበቅ ብቻ ነው።

የዋናው ቤት፣ ከባለቤትዋ ስልክ፦ በካርዱ፣ በእጅ ተመትቶ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ሱቅ፦ በኪውአር ኮዱ ገባ።

ሰርቪስ፣ ሦስተኛው ክፍል፦ አልገባም። በስልኩ ላይ የድሮው 192.168.1.1 እንደ ተወዳጅ ገጽ ተቀምጦ ነበር፣ ሰውየው ገና "192" ሲመታ ብራውዘሩ ቀሪውን ራሱ ይሞላለታል፣ እሱም ሳያይ ኢንተር ይላል። የተቀመጠው ገጽ ተሰረዘ፣ ከታሪክ ውስጥም ያ መስመር ጠፋ። በር ጀርባ ላይ በቢክ የተጻፈው 192.168.11 በቀለም ተሸፈነ። አዲሱ አድራሻ በስልኩ የፊት ገጽ ላይ "ሰርቪስ ራውተር" ተብሎ ተቀመጠ፣ ተነካ፣ ተከፈተ።